ኬራቲን ቦንድ፦ ትርፉ ከፀጉሩ ነው ወይስ ከወንበሩ?

በአዲስ አበባ ገበያ የሴት ፀጉር እንደ ወርቅ በግራም የሚመዘን ዕቃ ከሆነ ሰነባብቷል። "ሂውማን ሄር" በኢንች ይለካል፣ በዱቤ ይሸጣል፣ በሻንጣ ከዱባይና ከጓንዡ ይገባል፤ አገልግሎ ሲያበቃም ሁለተኛ እጅ ገዢ አያጣም። ከዚህ ገበያ ጎን ደግሞ ፀጉርን በስፌት ሳይሆን ዘለላ በዘለላ በኬራቲን ሙጫ የመቀጠል ሥራ የውበት ሳሎን ባለቤቶችን ዓይን እየሳበ ነው። ሥራው "ከስፌት በእጥፍ ያተርፋል" ይባልለታል። አስመጪው ፀጉሩን፣ ደላላው ማሽኑን፣ አሠልጣኙ የምስክር ወረቀቱን ይዞ የሳሎን ባለቤቷን በር ያንኳኳል።

ታዲያ ያዋጣል? አጭሩ መልስ አዎን፣ ያዋጣል ነው። የሚያዋጣው ግን ብዙዎች በሚያስቡት መንገድ አይደለም። በዚህ ሥራ ትርፍ የሚገኘው ከፀጉሩ ሽያጭ ሳይሆን ከወንበሩ ሰዓትና ከባለሙያዋ እጅ ነው። ይህን ገልብጦ ገንዘቡን ሁሉ ፀጉር ላይ ያፈሰሰ ሳሎን የሥራ ማስኬጃ ካፒታሉን በመደርደሪያ ላይ ሰቅሎ ከመመልከት የዘለለ ጥቅም አያገኝም።

ለመሆኑ ዕቃው ምንድነው?

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ በቅድሚያ ስሙን ማጥራት ያስፈልጋል። በከተማችን "ኬራቲን" ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣለት የተጠቀለለ ፀጉርን የሚያለሰልሰው ቅባት ነው። ያኛው ሌላ ነው። ፎርማልዴሃይድ የተባለውን ጋዝ የሚለቁ ማለስለሻዎች ሠራተኞችን እንደሚጎዱ የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ማስጠንቀቂያ አውጥቶባቸዋል። እዚህ የተያዘው ጉዳይ ግን ቅጥያ ፀጉር ነው። ሁለቱን የቀላቀለ የሳሎን ማስታወቂያ ደንበኛን ያደናግራል፤ የአንዱም ስም ሌላውን ያስወቅሳል።

ኬራቲን ቦንድ የሚባለው ከግማሽ ግራም እስከ አንድ ግራም የሚመዝን የሰው ፀጉር ዘለላ ሲሆን፣ ጫፉ ላይ የደረቀ ሙጫ አለው። ባለሙያዋ ከደንበኛዋ ፀጉር ቀጭን ዘለላ ለይታ ታወጣለች። ከዚያም ቅጥያውን ከራስ ቆዳ ጥቂት ራቅ አድርጋ ታስጠጋና ሙጫውን በጋለ መቆንጠጫ አቅልጣ በጣቷ ትጠቀልለዋለች። ሙጫው ሲቀዘቅዝ ይይዛል። አንድ ሙሉ ራስ እንደ ፀጉሩ ብዛት ከ100 እስከ 200 ዘለላ ይፈጃል። በደንብ የተሠራ ቅጥያ ከሦስት እስከ አምስት ወር ይቆያል፤ ከዚያም ማላቀቂያ ፈሳሽ ተደርጎበት ሙጫው በጉጠት እየተሰበረ ይወጣል።

በማሸጊያው ላይ "ኬራቲን" የተባለ ሁሉ ኬራቲን አለመሆኑንም ነጋዴው ማወቅ ይኖርበታል። ገበያ ላይ ካለው ሙጫ ብዙው በሙቀት የሚቀልጥ ሰው ሠራሽ ፖሊመር ነው። መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ግን በየትኛው ሙቀት እንደሚቀልጥና በየትኛው ፈሳሽ እንደሚላቀቅ ሳይታወቅ የተገዛ ሙጫ ለመለጠፍ እንጂ ለማውጣት አይመችም። ማላቀቂያውን አብሮ የማያቀርብ አስመጪ ዕቃውን በግማሽ ሸጠ ማለት ነው።

ሰዓቱን የቆጠረ አይከስርም

የሳሎን ባለቤቶች ዋጋ ሲያወጡ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። መለጠፉን ይቆጥራሉ፤ ከመለጠፉ በፊትና በኋላ ያለውን ግን ይረሱታል።

ለምሳሌ ያህል 150 ዘለላ እንውሰድ። ለአንዱ አንድ ተኩል ደቂቃ ቢፈጅ 225 ደቂቃ፣ ማለትም 3 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይሆናል። ቅድሚያ ፀጉሩን ከቅባት አጥርቶ ማጠብ፣ ማድረቅና ደንበኛዋን ማነጋገር 45 ደቂቃ ይወስዳል እንበል። ከሦስት ወር በኋላ ማውጣቱ ደግሞ በዘለላ 40 ሴኮንድ ቢታሰብ 100 ደቂቃ ነው። ማበጠሩና ማጠቡ 35 ደቂቃ ሲጨመርበት 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይሆናል። ጠቅላላው 6 ሰዓት ከ45 ደቂቃ መሆኑ ነው። በልጠፋው ብቻ ያስከፈለ ሳሎን ከሰዓቱ ውስጥ 44 በመቶውን በነፃ ሰጠ ማለት ነው።

ይህ በብር ሲመነዘር ይበልጥ ይገባል። ወንበሩ በሌላ ሥራ በሰዓት 500 ብር ያስገባ ነበር ብለን ብናስብ፣ የኬራቲን ቦንድ የእጅ ዋጋ ከ3,375 ብር በታች ሊሆን አይገባም። በልጠፋው ሰዓት ብቻ የተሰላው ዋጋ ግን 1,875 ብር ነው። ልዩነቱ 1,500 ብር በአንድ ደንበኛ ይጠፋል። ኪራይ፣ መብራትና የባለሙያዋ ፐርሰንት ገና አልተነሱም። ቅዳሜ ቀን ሦስት የካስክ ደንበኞችን መልሶ አንዲት የኬራቲን ደንበኛ ያስቀመጠ ሳሎን ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ሥራው ወንበር በሚቦዝንባቸው ሰኞና ማክሰኞ ቢያዝ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። ይኸው ባዶ የሚውለው ወንበር ገቢ ያመጣል።

በመሆኑም ልጠፋውና ማውጣቱ በአንድ ዋጋ፣ በአንድ ደረሰኝ፣ በቅድሚያ ቢከፈል ይመረጣል። ይህ ለሳሎኑ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። የማውጫውን የከፈለች ደንበኛ ጊዜው ሲደርስ ትመለሳለች። ያልከፈለችዋ ግን ቤቷ በዘይትና በመቀስ ትታገላለች፤ ከዚያም የተጎዳውን ፀጉሯን ይዛ የሳሎኑን ስም በየሰርጉ ታነሳለች።

ቋሚ ንብረት ወይስ አላቂ ዕቃ?

የዚህን ገበያ ስፋት የሚወስነው ትልቁ ጥያቄ ግን ከሳሎኑ ይልቅ በደንበኛዋ ሒሳብ ውስጥ ይገኛል። የአዲስ አበባ ሴት ሂውማን ሄር ስትገዛ የምትገዛው ንብረት ነው። ሹሩባ ተሠርታ ታሰፋዋለች፤ ፈትታ ታጥበዋለች፤ አሳርፋ ደግማ ታሰፋዋለች። ለእህቷ ታውሳለች፤ ሲቸግራት ትሸጠዋለች። ዋጋው ቢከብዳትም ወጪውን ለሁለትና ለሦስት ዓመት አካፍላ ስለምታየው ትከፍላለች።

ኬራቲን ቦንድ ይህን ሒሳብ ያፈርሰዋል። ያው ፀጉር በ150 ቦታ ተበትኖ ይለጠፋል፤ ሲወጣም ጫፉ ላይ የተሰበረ ሙጫ አለ። እንደገና ለማዋል እያንዳንዱን ዘለላ ማጽዳት፣ አዲስ ሙጫ ማድረግ፣ በየጊዜውም ከርዝመቱ ጥቂት መቁረጥ ግድ ይላል። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ቋሚ የነበረው ንብረት ወደ አላቂ ዕቃነት ይወርዳል። ደንበኛዋ ይህን ቃል ባታውቀውም ስሌቱን ጠንቅቃ ታውቀዋለች። "ሲወጣ ፀጉሬን ትመልሱልኛላችሁ?" ብላ የምትጠይቀውም ለዚሁ ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው ሳሎን ወደዚህ ሥራ ባይገባ ይሻላል። መልስ ያለው ግን አዲስ የገቢ በር ያገኛል። የወጣውን ፀጉር ተቀብሎ፣ አጽድቶ፣ አዲስ ሙጫ አድርጎ ለሁለተኛ ዙር ማዘጋጀት በከተማችን ገና ያልተያዘ ሥራ ነው። ሙቀት የሚሰጥ አነስተኛ መሣሪያ፣ የሙጫ ፍሬና የሰለጠነ እጅ ይፈልጋል እንጂ ብዙ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም። ፀጉር ከማስመጣት ይልቅ ፀጉርን ማደስ ለአነስተኛ ኢንቬስተር የተሻለ ዕድል ይመስላል።

ፀጉሩ ከየት ይመጣል?

ፀጉር ማስመጣት ለምን አደጋ እንዳለው ለመረዳት ምንጩን ማየት ይበጃል። በዓለም ገበያ ከፍ ያለ ዋጋ ከሚያወጣው ፀጉር ጥቂት የማይባለው ከደቡብ ሕንድ ቤተ መቅደሶች የሚመጣ ነው። በአንድራ ፕራዴሽ ግዛት በሚገኘው የቲሩማላ ቤተ መቅደስ ምእመናን ስእለታቸውን ለመፈጸም ይላጫሉ። የተላጨው ፀጉር በቤተ መቅደሱ አስተዳደር አማካይነት በጨረታ ይሸጣል። ሰጪዎቹ አንዳች አይከፈላቸውም። ከዚያ በኋላ ግን ፀጉሩ በሕንድና በቻይና ፋብሪካዎች፣ በተለይ በሄናን ክፍለ ሀገር በምትገኘው በሹቻንግ ከተማ፣ ተለይቶ፣ ታጥቦና ቀለም ተነክሮ በየደረጃው ዋጋ እየጨመረ ይሄዳል።

ይህ ሰንሰለት ከነጋዴው ቁጥጥር ውጭ በሆኑ ምክንያቶች ደጋግሞ ተናግቷል። እ.ኤ.አ. በ1965 አሜሪካ ከኮሙኒስት ቻይና የመጣ ፀጉር እንዳይገባ ስትከለክል ዕድሉን ያገኘችው ደቡብ ኮሪያ ነበረች፤ ዊግም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከዋና ዋና የወጪ ንግድ ዕቃዎቿ አንዱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2004 ታዋቂው የእስራኤል ረቢ ዮሴፍ ሻሎም ኤልያሺቭ ከሕንድ ቤተ መቅደስ የመጣ ፀጉር የጣዖት አምልኮ አለበት ብለው በመወሰናቸው፣ በኒው ዮርክ ብሩክሊን አጥባቂ አይሁዳውያት ውድ ዊጎቻቸውን በአደባባይ አቃጠሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ የአሜሪካ ጉምሩክ ከቻይናዋ ሺንጂያንግ የመጣ 13 ቶን የፀጉር ውጤት የግዳጅ ሥራ ተጠርጥሮበት ያዘ፤ ዋጋው ከ800,000 ዶላር በላይ ተገምቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ሕንድ ራሷ የሰው ፀጉር በፈቃድ ካልሆነ በነፃነት ወደ ውጭ እንዳይወጣ ደነገገች።

የሩቅ ወሬ የሚመስለው ይህ ሁሉ መርካቶ የሚደርሰው በዋጋ መልክ ነው። እዚህ ሲደርስ ደግሞ የራሳችን የምንዛሪ ጉዳይ ይጨመርበታል። የብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር በላይ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ በ2017 ዓ.ም. ማገባደጃ ከ130 ብር በላይ ደረሰ። በባንክ ዋጋ ሲሰላ የ100 ዶላር ፀጉር ከ5,700 ብር ወደ 13,000 ብር ወጣ ማለት ነው። ፀጉሩ አልረዘመም፤ ዋጋው ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ።

አንዳንዱ "ዋጋው ከጨመረማ አስቀድሞ ማከማቸት ነው" ይል ይሆናል። ለስኳርና ለዘይት ይሠራ ይሆናል፤ ለኬራቲን ቦንድ ግን አስቸጋሪ ነው። ሦስት ርዝመት፣ ሦስት ቀለምና ሁለት ዓይነት ጥቅልል ብቻ ለመያዝ የወሰነ ሳሎን 18 ዓይነት ዕቃ ይኖረዋል። ከእያንዳንዱ ለአንድ ራስ የሚበቃ 150 ግራም ቢያዝ 2.7 ኪሎ ፀጉር ነው። ደንበኛዋ ስትመጣ ደግሞ የምትፈልገው አስራ ዘጠነኛውን ነው። ስለዚህ ሳሎኑ የናሙና ቀለበት ይዞ ትእዛዝ ቢቀበል፣ ፀጉሩ በደንበኛዋ ቀብድ ቢገዛ፣ አደጋው በአስመጪው ብዛት ላይ ይከፋፈላል።

ጥራት በስም አይታወቅም

በማሸጊያው ላይ "10ኤ"፣ "12ኤ" የሚሉት ደረጃዎች የሚያወጣቸው አንድም ዓለም አቀፍ ተቋም የለም፤ ሻጩ ራሱ ነው የሚጽፋቸው። "ብራዚል" እና "ፔሩ" የሚሉትም ስሞች አብዛኛውን ጊዜ የንግድ ስም እንጂ የትውልድ አገር አይደሉም። ለኬራቲን ቦንድ ወሳኙ ነገር የፀጉሩ ቅርፊት ሁሉ ከሥር ወደ ጫፍ በአንድ አቅጣጫ መተኛቱ ነው። "ሬሚ" የሚባለው ይኸው ነው። ከየወለሉ ተለቅሞ የተደባለቀ ፀጉር ቅርፊቱ በአሲድ ይፋቅና በሲሊኮን ይቀባል። ሱቅ ውስጥ ሲታይ ከሬሚው ይበልጥ ያብለጨልጫል። ጥቂት ከታጠበ በኋላ ግን ሲሊኮኑ ይሄድና ይቋጠራል። በስፌት የተሠራ ቢሆን ተፈቶ ይጣላል። ተለጥፎ ከሆነ ግን ከደንበኛዋ ፀጉር ጋር ይቋጠራል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ዘለላውን ከሥር ወደ ጫፍ፣ ቀጥሎም ከጫፍ ወደ ሥር በጣት ማሸት፤ ሬሚ ከሆነ ሁለተኛው አቅጣጫ ሻከር ይላል። ጥቂቱን በእሳት ማየት፤ የሰው ፀጉር እንደ ላባ ሸትቶ አመድ ይሆናል፣ ሰው ሠራሹ ይቀልጥና ይጠጥራል። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፦ አንድ ናሙና ገዝቶ አሥር ጊዜ በሻምፑ ማጠብ። ለአንድ ናሙና የወጣ ገንዘብ ኪሎ ሙሉ ከመክሰር ያድናል።

የማይመለሰው ንብረት

ፀጉር ቢበላሽ በሌላ ይተካል። የደንበኛዋ ራስ ግን አይተካም። የዚህ ሥራ ጥራት መለኪያም እዚህ ላይ ነው።

ይህ ዘዴ መጀመሪያ የተስፋፋው ለስላሳና ቀጥ ያለ ፀጉር ባላቸው ሴቶች ዘንድ ነው። የእኛ አገር ሴት ፀጉር ግን ከዞማ እስከ ከርዳዳ ይደርሳል። በጣም የተጠቀለለ ፀጉር ላይ ቦንዱን ለመደበቅ ሥሩን በፔስትራ ደጋግሞ መተኮስ ያስፈልጋል። ይህም ራሱ ያደርቃል። በሪላክሰር የደከመ ፀጉር ደግሞ የቅጥያውን ክብደት ላይችል ይችላል። ቅቤና የፀጉር ቅባትም ሌላ ጉዳይ ናቸው፤ ሥር ላይ የደረሰ ቅባት ሙጫውን ያለሰልሰውና ዘለላው ተንሸራቶ ይወርዳል። ቅቤ መቀባት ያስለመደች ደንበኛ ለሦስት ወር እንደምትተወው አስቀድማ ካልተስማማች፣ ሥራው ሳይጀመር አልቋል ማለት ነው።

ከባድ ዘለላ በቀጭን ፀጉር ላይ ሲንጠለጠል ሥሩን ይጎትታል። መጎተቱ ሲዘወትር ግንባርና ጆሮ ግንድ አካባቢ ፀጉር ይሳሳል፤ ቆይቶ ከተያዘ ላይመለስ ይችላል። በቅርብ የወለደች፣ ፀጉሯ የሚነቀል፣ የራስ ቆዳዋ የቆሰለ ሴት ብትከፍልም ልትመለስ ይገባል። ደንበኛን መመለስ ለነጋዴ ይከብዳል፤ ነገር ግን እዚህ ሥራ ላይ "አይሆንም" የምትል ባለሙያ ከምስክር ወረቀቷ በላይ ዋጋ አላት።

አንድ የተለመደ ጠብ ደግሞ ቀድሞ በመንገር ይቀራል። ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር በተፈጥሮ ይረግፍበታል። በ90 ቀን ከ4,500 እስከ 9,000 መሆኑ ነው። ከዚህ አምስተኛው እጅ ብቻ በሙጫው ተይዞ ይቆያል ቢባል እንኳ፣ በማውጫው ቀን ከ900 እስከ 1,800 ፀጉር በአንድ ጊዜ ማበጠሪያ ላይ ይወጣል። ያልተነገራት ደንበኛ "ራሴን ላጫችሁኝ" ብላ ትጮኻለች። የተነገራት ግን ቆጥራ ትሄዳለች።

ተቃራኒውን ወገን ስናዳምጥ

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የበዛበት የሚመስለው ነጋዴ ይኖራል። መከራከሪያውም ቀላል አይደለም። ለሰርግ የምትዘጋጅ ሙሽራ፣ ከውጭ አገር ለበዓል የመጣችና አሠራሩን እዚያ የለመደች ደንበኛ፣ በካሜራ ፊት የምትሠራ ሴት፤ እነዚህ ስፌቱ እንዲታይባቸው አይፈልጉም፣ ዋጋም አይከራከሩም። ሹሩባውና ስፌቱ ራስን ያከብዳል የምትልም አለች። ከእነዚህ ደንበኞች ጋር የሚመጣው ስምም ሌላውን የሳሎኑን ሥራ ይስባል።

እውነት ነው። ግን ይህ ደንበኛ ውስን ነው፤ በሁሉም መንደር አይገኝም። ውስን ለሆነ ደንበኛ አንድ የሰለጠነች ባለሙያ፣ አንድ መሣሪያና አንድ የናሙና ቀለበት ይበቃል። ሁሉም ሳሎን በአንድ ወር ውስጥ ልክ እንደ ካስክ ቢያስገባው፣ ዋጋ መሰባበሩ አይቀርም። ዋጋው ሲሰበር መጀመሪያ የሚቀነሰው ሰዓቱ ነው፤ ሰዓቱ ሲቀነስ ደግሞ የደንበኛዋ ፀጉር ይጎዳል።

እንግዲህ የሳሎን ባለቤት የእጅ ዋጋን ከፀጉር ዋጋ ለይታ ብትጽፍ፣ ማውጣቱን በቅድሚያ ብታስከፍል፣ ፀጉሩን በቀብድ ብታዝዝ ትጠቀማለች። አስመጪው ከኪሎ ይልቅ ናሙና፣ ከፀጉሩ ጋር ማላቀቂያውን ቢያቀርብ ደንበኛው ይቆይለታል። ደላላውም ማሽን ሸጦ ከመሄድ ባለሙያና ሳሎን ቢያገናኝ ኮሚሽኑ አንድ ጊዜ ተከፍሎ አይቀርም። ሁሉም ቸኩሎ ከገባበት ግን አባቶች የተናገሩት በዚህም ገበያ ይደርሳል፦ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።